ፍቅር፣ ትዳርና አካል ጉዳት በፊልም ውስጥ፦ ከ«ጤዛ» እስከ «አት ሊ ላይላ»



ብዙዎቻችን ባደግንበት አገር ሁለት ነገሮች በአደባባይ አይነሱም ነበር። አንዱ የባልና የሚስት መኝታ ነው። ሌላው በቤት ውስጥ ያለ አካሉ የተጎዳ ወይም የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ልጅ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ዝምታው እጥፍ ይሆናል። እግሩን ያጣ ሰው ያፈቅራል? ዓይነ ስውሯ ልጅ ታገባለች? ራሱን ችሎ መኖር የማይችለው ልጃችን ለአቅመ አዳም ሲደርስ ምን ይሆናል? ጥያቄው በብዙ ቤት አለ፤ አፍ አውጥቶ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ፊልም ይህን ዝምታ ከሚሰብሩት ነገሮች አንዱ ነው። አንዳንዴ በደንብ ይሰብረዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ውሸት ይተክልበታል። በዚህ ጽሑፍ ከኢትዮጵያ፣ ከእስራኤልና ከሌላው ዓለም የተመረጡ ፊልሞችን አንድ በአንድ እናያለን። በመጨረሻም እዚህ እስራኤል ውስጥ ሕጉ ምን እንደሚልና እርዳታ ከየት እንደሚገኝ እንገልጻለን። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ጤዛ»፦ እግሩን አጥቶ ወደ ጎንደር የተመለሰው ሰው

ከሁሉ በፊት ለእኛ የሚቀርበውን እንውሰድ። «ጤዛ» የተሰኘውን ፊልም የሠራው ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ ገሪማ ነው። ፊልሙ በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ድርሰት ሽልማትን አገኘ። በ2009 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በሚካሄደው ፌስፓኮ በተባለው ትልቁ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል አንደኛ ወጣ።

ታሪኩ የአንበርብር ነው። አንበርብር ጀርመን አገር ሄዶ ሕክምና የተማረ ሰው ነው። በደርግ ዘመን አገሩን ለማገልገል ይመለሳል፤ የሚያየው ግን ግድያና ፍርሃት ነው። እንደገና ጀርመን ሲሄድ ጥቁር በመሆኑ ብቻ ዘረኞች ይደበድቡታል፤ እግሩንም ያጣል። በ1990 ጣና አካባቢ ወደሚገኘው ትውልድ መንደሩ ሲመለስ እናቱ የሚቀበሉት ሰው የላኩት ልጅ አይደለም። አንድ እግር የለውም፣ ሌሊት ይቃዣል፣ የደረሰበትንም በቅጡ አያስታውስም። መንደሩም ሰላም የለውም፤ ወጣቶቹ ከአፈሳ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ያን ዘመን እዚያ የነበራችሁ ይህን ለማስረዳት ፊልም አያስፈልጋችሁም።

የመንደሩ ሰው አንበርብርን እንደ ተለከፈ ሰው ያየዋል። ጠበል ይወሰዳል። በዚያው ቤት ደግሞ አዛኑ የምትባል ሴት አለች። ከዚህ በፊት በደረሰባት ነገር መንደሩ የሚርቃት፣ የአንበርብር እናት ግን ያስጠጓት ሴት ናት። ሰው የሸሻቸው ሁለቱ ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ። ጎረቤት ያማል፣ ዘመድም አይወድም። እነሱ ግን ይፋቀራሉ። በፊልሙ መጨረሻ አዛኑ ልጅ ትወልድለታለች፤ እሱም የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚባል ነገር አለ። የአንበርብር እግር አይመለስም። ተአምር አልተፈጠረም፣ ጠበሉም አዲስ እግር አላበቀለም። አዛኑም «ምስኪን» ብላ አይደለም የቀረበችው። የሚያገናኛቸው ሐዘኔታ ሳይሆን መተዋወቅ ነው፤ ሁለቱም መጥፎ ነገር አይተዋል፣ ሁለቱም ሌላው ሲናገር መስማት ይችላሉ። ፊልሙ ስለ አካል ጉዳት ስብከት አይሰብክም። አንድ እግር ያለው ሰው አፍቃሪና አባት ሲሆን ያሳያል፣ በቃ። እንዲህ ያለ ፊልም ግን ብዙ አይደለም።

ፊልም የለመዳቸው አራት መልኮች

አካል ጉዳተኛ በፊልም ውስጥ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት በአንዱ መልክ ይመጣል።

የመጀመሪያው ምስኪኑ ነው። ተመልካቹ እንዲያለቅስ ይቀመጣል፤ ታሪኩ ስለ ሌላ ሰው ደግነት እንጂ ስለ እሱ ሕይወት አይደለም።

ሁለተኛው ክፉው ነው። አንድ ዓይናው ወንበዴ፣ ጎባጣው ጠንቋይ፣ የተቆረጠ እጁ ላይ መንጠቆ ያሰረው የባሕር ላይ ሽፍታ። ጉዳቱ የክፋቱ ምልክት ተደርጎ ይቀርባል።

ሦስተኛው ቅዱሱ ወይም ጀግናው ነው። ሁሉን በትዕግሥት ይችላል፣ ሰውን ያስተምራል፣ እሱ ራሱ ግን ምንም አይፈልግም። ምኞት የሌለው ሰው ደግሞ ፍቅር አይዘውም።

አራተኛው ዘላለም ሕፃኑ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆንም እንደ አምስት ዓመት ልጅ ይታያል። ስለ ገላው፣ ስለ ስሜቱ፣ ስለ ትዳር ማንም አይጠይቀውም።

ከእነዚህ ሌላ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ፊልሙ ከማለቁ በፊት ሰውዬው ካልዳነ ፍቅሩ አይፈቀድለትም። በ1931 የወጣው የቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ስሙ በአማርኛ «የከተማ መብራቶች» ማለት ነው። አበባ የምትሸጥ ዓይነ ስውር ልጅ አለች። ቻርሊ ይወዳታል፣ ለሕክምናዋም ገንዘብ ያመጣል። ዓይኗ ከበራ በኋላ ድሃው ሰውዬ ያ ደግ ሰው መሆኑን የምታውቀው ግን በማየት አይደለም። እጁን ስትዳብስ ነው። ቻፕሊን የልማዱን መንገድ ቢከተልም መጨረሻ ላይ ከእሱ የበለጠ ነገር ተናገረ፤ የሰው እጅ ዓይን የማያየውን ያውቃል።

እኛም ብንሆን ይህ ልማድ አለን። በመጽሐፈ ሳሙኤል የምናነበው የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሩ ሽባ ነበር። ታሪኩ ሲነሳ ንጉሥ ዳዊት በማዕዱ እንዳስቀመጠው ሁላችንም እናስታውሳለን። ሚካ የሚባል ልጅ እንደነበረው ግን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? የተደረገለትን ቸርነት አስታውሰን፣ አባት መሆኑን ረሳን።

ከጦርነት የተመለሰው ልጅ

አገር ሲዋጋ ከየቤቱ ቁስለኛ ይኖራል። ስለዚህ ፊልም ስለ አካል ጉዳትና ስለ መኝታ በግልጽ መናገር የጀመረው በአብዛኛው በወታደሮች ታሪክ ነው።

በ1946 ዊልያም ዋይለር የሠራው የአሜሪካ ፊልም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተመለሱ ሦስት ወታደሮች ይተርካል። ስሙ «የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሆመር ሁለት እጁን አጥቶ በብረት መንጠቆ ይሠራል። ሆመርን የተጫወተው ሃሮልድ ራስል በእውነትም በ1944 በወታደራዊ ሥልጠና ላይ በፍንዳታ ሁለት እጁን ያጣ ሰው ነው። ለዚያ አንድ ሥራ ሁለት ኦስካር ተሰጠው።

ሆመር ከጦርነቱ በፊት የተጫጩት ዊልማ የምትባል ልጅ አለችው። እንዳታዝንለት ፈርቶ ይሸሻታል። አንድ ማታ ግን ክፍሉ ድረስ ይወስዳትና ሲተኛ ምን እንደሚመስል ያሳያታል። መንጠቆዎቹን ያወልቃል። «አሁን በሩ ቢዘጋ እንኳ መክፈት አልችልም» የሚል ነገር ይነግራታል። ዊልማ አታለቅስም፣ አትሸሽም። የሌሊት ልብሱን ቁልፍ ትቆልፍለታለች፣ ትስመዋለች፣ ታለብሰዋለች። በዚያ ዘመን ፊልም መኝታን በግልጽ ማሳየት አይችልም ነበር፤ ያቺ የቁልፍ ነገር ግን ከብዙ ትዕይንት ትበልጣለች። ሆመር የፈራውን ራሱ ተናገረ፣ ዊልማም አይታ መረጠች።

በ1978 ደግሞ በቬትናም ጦርነት ስለቆሰለና በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሄድ ወታደር ሌላ ፊልም ወጣ፤ ስሙ «ወደ ቤት መመለስ» ማለት ነው። ጆን ቮይትና ጄን ፎንዳ ሁለቱም ኦስካር ያገኙበት ሥራ ነው። ከወገቡ በታች የማይንቀሳቀስ ሰው ከሴት ጋር ሊቀራረብ እንደሚችል ያለ ሐፍረት በማሳየቱ በጊዜው ብዙ አነጋገረ።

ከእኛ ወገን የሆነችው ዳይሬክተር ዓለምወርቅ ዴቪድያን በ2018 በሠራችው «የበለስ ዛፍ» ደግሞ ጊዜው 1989፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው። ወደ እስራኤል ለመሄድ የምትጠባበቀው ሚና የተባለች ልጅ የምትወደውን ክርስቲያን ወጣት ከአፈሳ ለማዳን ትሞክራለች። በፊልሙ ውስጥ ጦርነቱ አካላቸውን ያጎደለባቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ሚና ለምትወደው ልጅ የምትፈራው ዕጣ ናቸው። እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ ያንን ዘመን ያየ እናት ሁሉ ያውቀዋል። ግን «ጤዛ»ን ከዚህ ፊልም ጎን ስናስቀምጠው ጥያቄው ይቀጥላል፦ ልጁ ቆስሎ ቢመለስስ? ያኔ ሕይወቱ አለቀ ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ ዛሬ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ በተደረገው ጦርነት ብዙ ወጣቶች ቆስለዋል። የልጅ ልጆቻችን በተሃድሶ ሆስፒታል ተኝተው ስንጠይቃቸው ስለ እግሩ፣ ስለ እጁ፣ ስለ ሕመሙ እንጠይቃለን። እጮኛው ስትመጣ ግን ከክፍሉ መውጣት አይታሰበንም። ሁለቱን ብቻቸውን ለአንድ ሰዓት መተውም ጥየቃ ነው።

ማን ያገባዋል? ማን ያገባታል?

በጎንደርና በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም እያያችሁ ያለቀሳችሁ ብዙ ናችሁ። በ1972 ጉልዛር የተባለው ዳይሬክተር የሠራው «ኮሺሽ» መስማትና መናገር ስለተሳናቸው ባልና ሚስት ነው። ሳንጂቭ ኩማርና ጃያ ባዱሪ ይጫወቱበታል። ሁለቱ በምልክት እየተነጋገሩ ይፋቀራሉ፣ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ከባድ ሐዘንም ያያሉ። ልጃቸው መስማት የሚችል ሆኖ ያድጋል። ለአቅመ አዳም ሲደርስ መስማት የተሳናት ልጅ ትታጭለታለች። ልጁ እምቢ ይላል። አባትየው ይቆጣል፤ የእናትህንና የእኔን ሕይወት እያየህ አድገህ እንዴት እንዲህ ትላለህ ነው ነገሩ። «ማን ያገባታል?» የሚለው ጥያቄ ከባዕድ አፍ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ቤት ካደገ ልጅ አፍ መውጣቱ ነው ፊልሙን ከባድ የሚያደርገው።

በእኛ አገርም ይህን ጥያቄ በሕይወቷ የመለሰች ሴት አለች። የትነበርሽ ንጉሤ በአማራ ክልል፣ ሳይንት በተባለው ወረዳ ተወለደች። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። በአካባቢዋ ሴት ልጅ በልጅነቷ ትዳር ነበር፤ ዓይነ ስውር ልጅ ግን ለጋብቻ አትፈለግም። እሷ ራሷ በአደባባይ እንደተናገረችው፣ ዓይነ ስውር መሆኗ ከልጅነት ጋብቻ አዳናትና ትምህርት ቤት ገባች። ጠበቃ ሆነች፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሟገት ቆየች፣ በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ከዚያም «አትፈለግም» የተባለችው ልጅ በራሷ ጊዜና በራሷ ምርጫ አገባች፣ ወለደችም።

ለረጅም ዘመን ተጋብተው ለኖሩ ደግሞ «ኮዳ» የሚባለው የ2021 ፊልም ያስቃል። አባትና እናት መስማት የተሳናቸው፣ ዓሣ በማጥመድ የሚኖሩ ናቸው። ሐኪም ቤት ሄደው ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት እንዳይቀራረቡ ሲያዝዛቸው፣ የምታስተረጉመው መስማት የምትችለው ሴት ልጃቸው ናት። የልጅቱ ሐፍረት፣ የወላጆቿ ድንጋጤ፣ ሁሉም ያስቃል። በውስጡ ግን ቁም ነገር አለ። በየሐኪም ቤቱና በየቢቱዋህ ሌኡሚ ቢሮው ልጆቻችንን አስተርጓሚ አድርገን የያዝን እኛም ይህን እናውቀዋለን። የባልና ሚስት ጉዳይ ሲሆን የሌላ ሰው ትርጉም መጠየቅ ይሻላል። አባትየውን የተጫወተው ትሮይ ኮትሰር ራሱ መስማት የተሳነው ሲሆን በ2022 ኦስካር አገኘ።

ዳንኤል ታደሰ፦ ዋናው አፍቃሪ

በ2015 ሚጌል ያንሶ የተባለው የስፔን ተወላጅ ዳይሬክተር ኢትዮጵያ ውስጥ «ክራምብስ» የተባለ ፊልም ሠራ፤ ቃሉ ፍርፋሪ ማለት ነው። ታሪኩ ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለ ዘመን ነው። ካንዲ የሚባል ሰው የጠፋውን ዓለም ዕቃ እየለቀመ ይኖራል፤ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለች የጠፈር መርከብ መንቀሳቀስ ስትጀምር ምክንያቱን ለማወቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ቤት የሚጠብቀው ፍቅረኛው ቢርዲ ናት፤ ሰላም ተስፋዬ ትጫወታታለች።

ካንዲን የተጫወተው ዳንኤል ታደሰ አጭርና ጀርባው የጎበጠ ተዋናይ ነው። ቀደም ባለው ልማድ እንዲህ ያለ ሰው ለሳቅ ወይም ለጠንቋይነት ይመረጥ ነበር። እዚህ ግን ዋናው ሰው እሱ ነው፤ ቆንጆዋ ልጅ የምትወደው እሱን ነው፤ በፊልሙ ውስጥም ይህን እንደ እንግዳ ነገር የሚቆጥር የለም። ፊልሙ ግራ የሚያጋባ ነው፣ ሁሉም አይወደውም። ግን ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ አካል ጉዳተኛ ወጣት ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ማሰብ ይበቃል።

የእስራኤል ፊልሞች፦ ወላጅ፣ እህት፣ ወንድም

እዚህ አገር የተሠሩት ፊልሞች ደግሞ ለወላጆች የሚናገሩ ናቸው።

«ሂኔ አናሕኑ» በ2020 ኒር ቤርግማን ያዘጋጀው ሲሆን ድርሰቱ የዳና ኢዲሲስ ነው፤ መነሻዋም የአባቷና የኦቲዝም ያለበት ወንድሟ ሕይወት ነው። አሃሮን የተባለው አባት ዕድሜውን ሁሉ ለልጁ ለኡሪ ሰጥቷል። ኡሪ ጎልምሷል፤ ከእኩዮቹ ጋር ወደሚኖርበት ቦታ መሄድ አለበት። አባትየው ሊያደርሰው ይነሳና መንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ልጁን ይዞ ይጠፋል። ተመልካቹ መጀመሪያ ከአባትየው ጋር ያዝናል። ቀስ ብሎ ግን ይገባዋል፤ መለያየት ያቃተው ልጁ ሳይሆን አባቱ ነው። «ያለ እኔ አይኖርም» የምንለው አንዳንዴ «ያለ እሱ አልኖርም» ማለታችን ነው።

ያችው ደራሲ «አል ሀስፔክትሩም» የተባለውን የ2018 ተከታታይ ፊልም ጽፋለች። ኦቲዝም ያለባቸው ሦስት ወጣቶች ራማት ጋን ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ከሦስቱ አንዷ የወንድ ጓደኛ እንዲኖራት አጥብቃ ትፈልጋለች። ሰው ይጎዳታል ብሎ የሚሰጋ ወንድም አላት፤ ስጋቱም እውነት አለው። ፊልሙ ግን እሷ ተሳስታ የመማር መብት እንዳላትም ያሳያል። አሜሪካኖች ወደውት በ2022 የራሳቸውን ሠርተውለታል።

ከሁሉ የሚከብደው በ2014 የወጣው «አት ሊ ላይላ» ነው። አሳፍ ኮርማን አዘጋጀው፤ ሊሮን ቤን ሽሉሽ ከራሷና ከእህቷ ሕይወት ተነስታ ጻፈችው፣ ዋናዋንም ሴት ተጫወተች። ኼሊ የአእምሮ ዕድገቷ የዘገየውን እህቷን ጋቢን ብቻዋን ትንከባከባለች። ሥራ ስትሄድ በር ቆልፋባት ትሄዳለች። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፤ ማንም በመካከላቸው አይገባም። የማኅበራዊ አገልግሎት ሰዎች ደርሰውባት ጋቢ የቀን ማዕከል ስትገባ፣ ኼሊም ወንድ ስትተዋወቅ፣ ቤቱ ይከፈታል። ከዚያ አንድ ቀን ሰው የጋቢን ገላ እንደነካ ይታወቃል። ጥርጣሬው በኼሊ ወዳጅ ላይ ይወድቃል። ጋቢ ራሷ የሆነውን መናገር አትችልም።

ይህን ፊልም አይቶ በእርጋታ የሚነሳ ሰው ጥቂት ነው። ግን የሚናገረውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጋቢን የጎዳት አንድ ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። ስለ ገላዋ ማንም አንድ ቃል አስተምሯት አያውቅም። የትኛው መንካት መልካም፣ የትኛው መጥፎ እንደሆነ፣ «አይሆንም» ማለት እንደሚቻል አልተነገራትም። «ምንም አይገባትም» ተብሎ ዝም ተባለ፤ ዝምታው እሷን ሳይሆን ያጠቃትን ሰው ጠበቀ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይኸው ነው። ስለ ፍቅርና ስለ ገላ መነጋገር አካል ጉዳተኛውን ለአደጋ አያጋልጥም። የሚያጋልጠው አለመነጋገር ነው። «እወዳለሁ» የሚልበት ቃል ያልተሰጠው ሰው «እምቢ» የሚልበትም ቃል የለውም።

ሕጉ ምን ይላል?

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 23 አካል ጉዳተኞች የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2010፣ እስራኤል በ2012 አጽድቀውታል።

በእስራኤል የአካል ጉዳተኞች የእኩልነት መብት ሕግ በ1998 ወጥቷል። ስለ አፖትሮፖስ፣ ማለትም ስለ ሕጋዊ ሞግዚት የሚደነግገው የ1962 ሕግ ደግሞ በ2016 ተሻሽሏል። ከማሻሻያው በኋላ ሞግዚት የሰውዬውን ፍላጎት መስማት አለበት። በሞግዚት ፋንታ «ውሳኔ ለመወሰን የሚያግዝ ሰው» መሾምም ይቻላል፤ ይህ ሰው ያስረዳል፣ ያግዛል፣ ውሳኔው ግን የባለቤቱ ነው። አፖትሮፖስ ለመሆን ከመፈረማችሁ በፊት ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ኦቬዴት ሶሲያሊቷን ጠይቁ።

በ2005 የወጣ ሌላ ሕግ አለ። የአእምሮ ዕድገት መዘግየት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጥቃት ሲደርስበት፣ ለዚህ የሠለጠነ መርማሪ በሚገባው መንገድ ቃሉን እንዲቀበል ያዝዛል። ስለዚህ «መናገር አይችልም፣ ማን ያምነዋል?» ብላችሁ አትተዉት።

ጥቃት ከደረሰ ወይም ከተጠረጠረ ለሴቶች 1202፣ ለወንዶች 1203 መደወል ይቻላል። የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር የስልክ መስመር 118 ነው። የቆሰለ ወታደር ያላችሁ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስቴርን የተሃድሶ ክፍል፣ ሌላ ሕመምተኛ ያላችሁ ኩፓት ሆሊማችሁን ጠይቁ፤ ከጉዳት በኋላ ስለሚኖር የግብረ ሥጋ ሕይወት የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ። ይህ ነውር አይደለም፤ እንደ ሌላው ሕክምና ነው።

ፊልም ስታዩ ልትጠይቁ የምትችሏቸው ጥያቄዎች

ከልጆቻችሁ ወይም ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር አንዱን ፊልም ስታዩ እነዚህን አንሱ።

— አካል ጉዳተኛው ራሱ ምን ይፈልጋል? ፊልሙ ጠይቆታል ወይስ ሌሎች ስለ እሱ ብቻ ያወራሉ?

— የሚወደው ሰው የሚያዝንለት ነው ወይስ የሚያውቀው?

— ለመፈቀር መዳን ነበረበት?

— እምቢ ማለት ይችላል? እምቢ ሲልስ ይሰማል?

— ተዋናዩ ራሱ አካል ጉዳተኛ ነው?

ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ የራሳችሁን ቤት ተመልከቱ። ለምሳሌ ደረጃውን። በካርሜ ጋት አዲሶቹ ሕንፃዎች ሊፍት አላቸው፤ በቂርያት ጋት የቆዩ ሰፈሮች ውስጥ ግን ደረጃ ብቻ ያላቸው ብዙ ቤቶች አሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ወጣት ሠርግ ካልወረደ፣ ሰው ካልተዋወቀ፣ «እሱ ትዳር አይፈልግም» ማለት አይቻልም። መጀመሪያ ከቤት የሚወጣበትን መንገድ እንፈልግለት።

ደግሞ ቃሉን እናስተካክል። «ዕውሩ»፣ «ደንቆሮው»፣ «አንካሳው» በልማድ ከአፋችን የሚወጡ ናቸው። ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው፣ አካል ጉዳተኛ ማለት ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በስሙ መጥራት ነው።

በ«ጤዛ» የአንበርብር እናት ልጃቸው እንዲድን ደጅ ይጠናሉ፣ ጠበል ያስጠምቃሉ። እናት ናቸውና አይፈረድባቸውም። እሱን ወደ ሕይወት የመለሰው ግን በዚያው ጣራ ሥር ሆኖ ማንም ያላሰበው ነገር ነው፤ የሚያነጋግረው፣ የሚወደውና የሚወዳት ሰው። የእኛም ልጆች ከመድኃኒቱና ከወረቀቱ ሌላ የሚፈልጉት ነገር ሊኖር ይችላል። ምን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ ነው።